የስፐርም ቁጥር ሲያንስ ክሮሞሶም የሚመረመረው ለምንድን ነው?

ልጅ አልመጣ ሲል በብዙ ቤት መጀመሪያ የምትመረመረው ሴቷ ናት። ጠበሉም፣ አልትራሳውንዱም፣ የሆርሞን ምርመራውም ከእሷ ይጀምራል። ወንዱ አንድ ቀን የዘር ፈሳሹን ይሰጥና «ቁጥሩ አነስ ይላል» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ቫይታሚን ይታዘዝለታል፣ ነገሩም እዚያው ይቆማል። በዚህ መሀል ዓመታት ያልፋሉ፤ የሴቷ እንቁላል ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። ቁጥሩ ለምን አነሰ ብሎ መጠየቅ የወንዱ መብት ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ነው። ከመልሶቹ አንዱ ክሮሞሶም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ዘርን የሚሸከመው የዲ ኤን ኤ ጥቅል ስለሆነና በአገራችን ብዙም ስለማይነገርለት በዝርዝር ልጽፍበት ወደድኩ።

ሁለት ነገሮች ስለሚምታቱ ከነሱ ልጀምር። አንደኛው የሰውየው የራሱ ክሮሞሶም ነው፤ ይዞት የተወለደው፣ በመላ ሰውነቱ ሕዋሳት ውስጥ ያለው። ይህ በደም ምርመራ ይታያል። ሁለተኛው የስፐርሙ ክሮሞሶም ነው። የደም ውጤቱ 46 ኤክስ ዋይ፣ ማለትም ፍጹም ደህና የሆነ ወንድ እንኳ ከሚያመርታቸው ስፐርሞች መካከል ክሮሞሶም የጎደላቸው ወይም የተረፋቸው አሉ። ይህ በማንኛውም ወንድ ላይ ያለ ነገር ነው። አንድ የተወሰነ ክሮሞሶም ተመርጦ ሲቆጠር፣ በጤነኛ ወንድ ከ1000 ስፐርም 1 ወይም 2 ያህሉ ከዚያ ክሮሞሶም ትርፍ ይዘው ይገኛሉ። 21ኛው ክሮሞሶምና የጾታ ክሮሞሶሞቹ ኤክስና ዋይ ከሌሎቹ በለጥ ብለው ይሳሳታሉ። መውለድ ባስቸገራቸው ወንዶች ላይ ይህ መጠን በአማካይ 2 ወይም 3 እጥፍ ይሆናል፤ የስፐርም ምርታቸው ክፉኛ በተጎዳባቸው ላይ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የደሙ ውጤት ደህና ነው ማለት የስፐርሙ ደህና ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒውም በደሙ ላይ ችግር የተገኘበት ወንድ ብዙ ጤነኛ ስፐርም ሊኖረው ይችላል።

ይህን ለማወቅ ሳይንሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። የስፐርም ራስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ እጅግ ተጨምቆ የታሸገ ስለሆነ ክሮሞሶሞቹን በማይክሮስኮፕ ነጣጥሎ ማየት አይቻልም፤ ሽጉን የሚፈታው እንቁላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሩዳክ፣ ጄኮብስና ያናጊማቺ የሰውን ስፐርም ሃምስተር ከምትባለው አይጥ መሳይ እንስሳ እንቁላል ጋር አዋሕደው የስፐርምን ክሮሞሶም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ቆጠሩ። ዛሬ የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ግን በአብዛኛው የተገኙት ከዚያ በኋላ በመጣውና ፊሽ በሚባለው የማቅለሚያ ዘዴ ነው።

ስህተቱ የሚፈጠርበት ቦታ

ስፐርም ከመነሻ ሕዋሱ ተነሥቶ ቅርጽ እስኪይዝ 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ከዘር ፍሬው ጀርባ ባለው ጥምዝ ቱቦ ውስጥ እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። በአጠቃላይ 3 ወር ገደማ ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ ኋላ ይጠቅመናል። በመሀሉ ሕዋሱ ሚዮሲስ የሚባሉ ሁለት ክፍፍሎች ያልፋል፤ 46 የነበረው ክሮሞሶም 23 ይሆናል።

ከመጀመሪያው ክፍፍል በፊት ከእናት የመጣውና ከአባት የመጣው ተመሳሳይ ክሮሞሶም ጎን ለጎን ገጥመው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ይህ ልውውጥ ዘርን ከማደባለቅ ሌላ መካኒካዊ ሥራም አለው፦ ጥንዶቹ መለያያቸው እስኪደርስ ተያይዘው እንዲቆዩ ያደርጋል። ሳይለዋወጡ የቀሩ ጥንዶች ያለጊዜያቸው ይላቀቁና ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሊሄዱ ይችላሉ። የወንዱ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ኤክስና ዋይ በመጠንም በይዘትም የማይመሳሰሉ ስለሆኑ በሙሉ ርዝመታቸው መግጠም አይችሉም፤ በዋናነት የሚገናኙት ጫፋቸው ላይ ባለች 2.7 ሚሊዮን ፊደል ገደማ በምትሆን ቁራጭ ብቻ ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ልውውጡ ካልተካሄደ ኤክስም ዋይም አብረው አንድ ስፐርም ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ያ ስፐርም ከተራ እንቁላል ጋር ሲዋሐድ ልጁ 47 ኤክስ ኤክስ ዋይ ይሆናል፤ ክላይንፌልተር ሲንድረም የምንለው ማለት ነው።

ስለዚህ ከአባት የሚመጣው ስህተት በጾታ ክሮሞሶሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። ኤክስ ኤክስ ዋይ ሆነው ከተወለዱት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ትርፉን ያገኙት ከአባታቸው ነው። 47 ኤክስ ዋይ ዋይ በሆኑት ላይ ትርፉ ዋይ የሚመጣው ሁልጊዜም ከአባት ነው። አንድ ኤክስ ብቻ ይዘው በሚወለዱት፣ ተርነር ሲንድረም ባለባቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ከ4 ሦስት ያህሉ የጎደላቸው የአባት ክሮሞሶም ነው። በ21ኛው ክሮሞሶም ትርፍ የሚመጣው ዳውን ሲንድረም ግን የተለየ ነው፤ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ስህተት የሚፈጠረው በእናት እንቁላል ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። ማንም በፈቃዱ ክሮሞሶሙን አያሳስትም፤ ነገር ግን «ይህ ዓይነቱ ነገር ከሴት ብቻ ነው የሚመጣው» የሚለው ወሬ ውሸት መሆኑ መታወቅ አለበት።

የቁጥር ማነስና የክሮሞሶም ስህተት አብረው የሚታዩትስ ለምንድን ነው? እኔ ከሁሉ በላይ ሰዎች እንዲረዱት የምፈልገው ይህን ነው። በዘር ፍሬ ውስጥ ጥብቅ ፍተሻ አለ። ክሮሞሶሞቹ በትክክል ያልገጠሙለት ሕዋስ ክፍፍሉን እንዳይቀጥል ተይዞ ይሞታል። በሴት እንቁላል ላይ ፍተሻው ይላላል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ የክሮሞሶም ችግር ያላት ሴት እንቁላል ታፈራለች፣ ታረግዛለች፣ ፅንሱ ግን ይጨነግፋል። በወንድ ላይ ሕዋሳቱ ገና በመንገድ ላይ ስለሚሞቱ ችግሩ የሚታየው በስፐርም ቁጥር ማነስ ነው። ፍተሻው ደግሞ ፍጹም አይደለምና አምልጠው የሚወጡ አሉ። የስፐርም ቁጥር ክፉኛ ያነሰበት ወንድ ላይ የተበላሹት ድርሻ ከፍ የሚለው በዚህ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ብልሽት ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ

በአንድ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ብቻ ወደ ክሮሞሶም መሮጥ አይገባም። ናሙና የሚሰጠው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነትም ከሌላ መንገድ ፈሳሽ ከማውጣትም ከተቆጠቡ በኋላ ነው። ሳሙና፣ ምራቅ፣ ቅባትና ተራ ኮንዶም ስፐርሙን ስለሚጎዱ አይነኩትም። ከፈሳሹ መጀመሪያ የሚወጣው ክፍል በስፐርም የበለጸገው ነው፤ እሱ ከዕቃው ውጭ ከፈሰሰ ለላብራቶሪው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ያፍርና ዝም ይላል፣ ውጤቱም ይሳሳታል። ከቤት የሚመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ተይዞ፣ ሳይቀዘቅዝና ፀሐይ ሳይመታው ይድረስ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዝቅተኛ ወሰን አድርጎ የሚያስቀምጠው መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፣ ተንቀሳቃሹ 42 በመቶ፣ ቅርጹ ደህና የሆነው 4 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙ ወንዶች ነው፤ ከእነዚህ አባቶች 5 በመቶዎቹ ራሳቸው ከወሰኑ በታች ናቸው። ከወሰኑ ትንሽ መውረድ መካን መሆን አይደለም።

ያነሰ ከሆነ ይደገማል። እዚህ ላይ የ3 ወሩ ነገር ይመጣል፦ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ኃይለኛ ትኩሳት ያደረገ በሽታ ካለፈ ገና አንድ ሁለት ወር ከሆነ ቁጥሩ በዚያ ምክንያት ሊወርድ ስለሚችል 3 ወር ጠብቆ መድገም ይሻላል። ምንም ስፐርም አልታየም ከተባለ ደግሞ ላብራቶሪው ናሙናውን በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሮ ዝቃጩን ማየቱን ጠይቁ። አንድ ሁለት ስፐርም እንኳ መገኘቱ የሕክምናውን መንገድ ይለውጠዋል።

የዘር ፍሬውም በእጅ መመርመር አለበት፤ ይህ ቀላል ነገር ስንት ጊዜ እንደሚዘለል ሳስብ ያናድደኛል። በአዋቂ ወንድ አንዱ የዘር ፍሬ በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሁለቱም ጠንካራና ትንሽ፣ ከ5 ሚሊ ሊትር ያነሱ ከሆኑ ክላይንፌልተር የመጀመሪያው ግምት ነው። በጠዋት በሚቀዳ ደም አንጎል የዘር ፍሬውን የሚያዝዝባቸው ኤፍ ኤስ ኤችና ኤል ኤች፣ እንዲሁም የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ይለካሉ። ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ካለ የምርቱ ቦታ ተጎድቷል። የዘር ፍሬው መጠኑ ደህና፣ ኤፍ ኤስ ኤቹ ደህና፣ የፈሳሹ መጠን ግን ትንሽ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ወይም ቱቦው ሲፈጠርም አልነበረም፤ ያ ሌላ ችግር ነው፣ የሚጠይቀውም ሌላ ምርመራ ነው። ጆሮ ደግፍ ከጉርምስና በኋላ ይዞት የዘር ፍሬው አብጦ የነበረ፣ ወይም የዘር ፍሬው በልጅነቱ ያልወረደ ከሆነም ለሐኪሙ ይነገር።

ደሙ፣ በሁለት ቱቦ

የክሮሞሶም ምርመራ የሚታዘዘው ስፐርም ጨርሶ ላልተገኘበትና ምርቱ ክፉኛ ላነሰበት ነው። የአሜሪካ መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊዮን በታች ይላል፤ የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማኅበር 10 ሚሊዮን ድረስ ያሰፋዋል። ስፐርም በማይገኝባቸው ወንዶች ከ100 ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት፣ ቁጥሩ ባነሰባቸው ደግሞ 5 ገደማ በሚሆኑት ላይ የክሮሞሶም ለውጥ ይገኛል። በማንኛውም ሕፃን ላይ ግን 1 እንኳ አይሞላም።

ምርመራዎቹ ሁለት ናቸው፤ የሚፈልጉት ቱቦም የተለያየ ነው። ካርዮታይፕ የሚባለው ሙሉው የክሮሞሶም ቆጠራ ሕያው ነጭ የደም ሕዋስ ይፈልጋል። ደሙ የሚቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሶዲየም ሄፓሪን ባለበት፣ ክዳኑ አረንጓዴ በሆነ ቱቦ ነው። ላብራቶሪው ሕዋሳቱ እንዲከፋፈሉ የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር ጨምሮ በ37 ዲግሪ 3 ቀን ያህል ያበቅላቸዋል፤ ከዚያ ክፍፍሉን ክሮሞሶሞቹ በሚታዩበት ቅጽበት በመድኃኒት ያቆማል፣ ሕዋሳቱን በቀጭን የጨው ውኃ ያሳብጣል፣ በሜታኖልና በአሴቲክ አሲድ ባሉበት ያጸናል፣ ክሮሞሶሞቹ ላይ መስመር እንዲወጣ ያቀልማል። አብዛኛውን ጊዜ 20 ሕዋስ ይቆጠራል፤ ድብልቅ ሕዋስ አለ ተብሎ ከተጠረጠረ ከዚያ በላይ። ደሙ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ፣ ከረጋ፣ ወይም ኢዲቲኤ የሚባለው ሌላ የደም መርጊያ መከላከያ ባለበት ቱቦ ከተቀዳ ሕዋሳቱ በደንብ አይበቅሉም። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ በክፍል ሙቀት፣ ቢቻል በ48 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት መቀዳት አይመከርም። «አልበቀለም» የሚል መልስ ሲመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መንገዱ ነው።

ሁለተኛው በዋይ ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ የጎደሉ ትንንሽ ቁርጥራጮችን የሚፈልገው ምርመራ ነው። ቲየፖሎና ዙፋርዲ የተባሉ ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ1976 በዚህ ክንድ ላይ ስፐርም ለማምረት የግድ የሆነ ነገር እንዳለ አሳዩ፤ ዛሬ አካባቢው ኤ ዜድ ኤፍ ተብሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደማለት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ይከፈላል። ጉድለቶቹ በተራ ካርዮታይፕ አይታዩም። ይህ የሚሠራው ዲ ኤን ኤን አባዝቶ በሚያነብበው ፒ ሲ አር ስለሆነ ደሙ ኢዲቲኤ ባለበት፣ ክዳኑ ወይን ጠጅ በሆነ ቱቦ ይቀዳል፤ ሄፓሪን ፒ ሲ አሩን ያውካል። ደረጃውን የጠበቀ ላብራቶሪ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ምልክት፣ በጠቅላላው ስድስት ያያል፤ ኤስ አር ዋይ የሚባለውን የወንድነት ጂንና ሌላ መቆጣጠሪያም አብሮ ያነብባል። ውጤቱ ላይ እነዚህ ካልተጠቀሱ መጠየቅ ነውር የለውም።

ውጤቱ ሲመጣ

47 ኤክስ ኤክስ ዋይ ከተገኘ ተስፋው አላለቀም። ሃሪ ክላይንፌልተር ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1942 ገለጸው፤ ትርፉ ኤክስ መኖሩን ጄኮብስና ስትሮንግ በ1959 አገኙት። ለረጅም ጊዜ እነዚህ ወንዶች ፈጽሞ አይወልዱም ይባል ነበር። አሁን ግን በማይክሮስኮፕ እየታየ ከዘር ፍሬ ውስጥ ስፐርም የሚፈለግበት ማይክሮ ቴሴ የሚባል ቀዶ ሕክምና አለ፤ ከ100 ክላይንፌልተር ያለባቸው ወንዶች ከ40 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ ስፐርም ይገኛል። የሚገርመው የሚገኙት ስፐርሞች በአብዛኛው 23 ክሮሞሶም የያዙ ደህና ስፐርሞች ናቸው። የተሳሳቱት ከጤነኛ ወንድ ትንሽ ይበዛሉ፤ የሚወለዱት ልጆች ግን ባብዛኛው ደህና ክሮሞሶም አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፦ ስፐርም ከመፈለጉ በፊት የቴስቶስትሮን መርፌ አይወሰድም። ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ብሏልና ይስተካከል በሚል በቅን ልብ ይታዘዛል፤ ከውጭ የገባው ሆርሞን ግን አንጎል የዘር ፍሬውን የሚያዝዝባቸውን ኤል ኤችንና ኤፍ ኤስ ኤችን ያጠፋል፣ በዘር ፍሬው ውስጥ ያለውም ቴስቶስትሮን ይወድቃል፣ የቀረችውም ትንሽ የስፐርም ምርት ትቆማለች። ምርቱ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ይህ ጡንቻ ለማፈርጠም በጂም ቤት የሚወጋውንም ይመለከታል።

ውጤቱ 46 ኤክስ ኤክስ ሆኖ ሰውየው ግን ወንድ ከሆነ፣ በአብዛኛው የወንድነት ጂኑ ወደ ኤክስ ክሮሞሶም ተሻግሮ ነው። ኤ ዜድ ኤፍ ጨርሶ ስለሌለው ስፐርም አይመረትም፤ ቀዶ ሕክምናም ከንቱ ነው። ኤ ዜድ ኤፍ ኤ ወይም ቢ ሙሉ በሙሉ በጎደለባቸው ላይም እንዲሁ፤ በኤ የሚጎድለው የስፐርም መነሻ ሕዋስን ያጠፋል፣ በቢ የሚጎድለው ምርቱን መሀል ላይ ያቆመዋል። ደሙን ሳይመረምሩ የዘር ፍሬ መክፈት ስህተት የሚሆነው በዚህ ነው። ሰውየው ያለ ጥቅም ይቀደዳል፣ ቤተሰቡ ያለ ጥቅም ይከፍላል። በብዛት የሚገኘው ኤ ዜድ ኤፍ ሲ ጉድለት ግን የተሻለ ነው፦ አንዳንዱ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ስፐርም አለው፣ ከሌለው ደግሞ በግማሽ ያህሉ ላይ በቀዶ ሕክምና ይገኛል። ነገር ግን የሚወለደው ልጅ ወንድ ከሆነ ያንኑ ዋይ ይወርሳል፤ አድጎ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። ወላጆች ይህን አውቀው መወሰን አለባቸው።

ሌላው ትራንስሎኬሽን ነው፤ የክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው ወይም ሁለት ክሮሞሶሞች ተጣብቀው ሲገኙ። ሰውየው የጎደለው ነገር ስለሌለ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ክሮሞሶሞቹን ለስፐርም ሲያካፍል ነው። ሮበርትሶኒያን የሚባለው ዓይነት ከ1000 ሰው በ1 ገደማ ላይ አለ፤ 13ኛውና 14ኛው የተጣበቁበት ይበዛል። ሰውየው ሲቆጠር 45 ክሮሞሶም ነው ያለው። ከስፐርሞቹ በአማካይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ሚዛናቸው የተዛባ ነው። ቁራጭ የተለዋወጡበት ዓይነት ይከፋል፤ ግማሽ ያህሉ ስፐርም የተዛባ ሊሆን ይችላል፣ መጠኑም እንደ ተቆረጠው ቦታ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። እነዚህ ወንዶች አንዳንዶቹ የስፐርም ቁጥራቸው ሙሉ ነው! ስለዚህ ሚስት ሁለት ሦስት ጊዜ ከጨነገፈባት የባልም ደም መመርመር አለበት፤ የዘር ፈሳሹ ወረቀት ደህና ነው ማለቱ አይበቃም። 14ኛውና 21ኛው የተጣበቁበት አባት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሉ 1 በመቶ አካባቢ ነው፣ እናት ከሆነች ግን ከ10 በመቶ ያልፋል። ሁለቱ 21ኛዎች እርስ በርስ ከተጣበቁ ግን በሕይወት የሚወለደው ልጅ ሁሉ ዳውን ሲንድረም ይኖረዋል፤ ይህ ከስንት አንዴ የሚገጥም ነው።

ስፐርሙን ራሱን መመርመር

የስፐርም ፊሽ ምርመራ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ስፐርሙ በመስታወት ላይ ይደርቃል፣ የታሸገው ራስ በኬሚካል ይላላል፣ ከተመረጡ ክሮሞሶሞች ጋር ብቻ የሚጣበቁ የሚያበሩ ቀለሞች ይጨመሩበታል። ብዙውን ጊዜ የሚታዩት 13፣ 18፣ 21፣ ኤክስና ዋይ ናቸው። ስህተቱ ከ1000 በጥቂቶች የሚቆጠር ስለሆነ 100 ስፐርም ቆጥሮ ማውራት ዋጋ የለውም፤ በሺዎች መቆጠር አለበት። የተመረመረው ስፐርም ሞቷል፤ ለማዳቀል አይውልም። ምርመራው የሚሰጠው የሰውየውን አማካይ ብቻ ነው፣ ነገ የሚመረጠው አንዱ ስፐርም ደህና መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ለሁሉም አላዝዘውም የሚሉ ሐኪሞች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚጠቅመው የደም ውጤቱ ደህና ሆኖ ፅንስ ደጋግሞ ለሚጨነግፍባቸው፣ ኢክሲ፣ ማለትም አንዱ ስፐርም በመርፌ እንቁላል ውስጥ የሚገባበት ዘዴ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ለሚከሽፍባቸው፣ ወይም ትራንስሎኬሽን ላለበት ሰው አደጋውን ለመገመት ነው። ከዲ ኤን ኤ መሰባበር ምርመራ ጋርም አይምታታ፤ ያ ክሮሞሶም አይቆጥርም፣ የክሩን መበጣጠስ ነው የሚለካው።

ቅርጹን አይቶ ክሮሞሶሙን ማወቅ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ በአብዛኛው አይቻልም። ቆንጆ ሆኖ የሚዋኝ ስፐርም ትርፍ ክሮሞሶም ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ግልጽ የሆነ ሁኔታ ግን አለ፦ ሁሉም ስፐርሞች ራሳቸው ግዙፍ፣ ጭራቸውም ብዙ ከሆነ። ይህ በተለይ በሰሜን አፍሪካ የሚታወቅ፣ ኤ ዩ አር ኬ ሲ በሚባል ጂን ብልሽት የሚመጣ ነው። ሚዮሲሱ ሳይከፈል ስለቀረ ስፐርሙ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሚገባው በላይ ክሮሞሶም የያዘ ነው። በራስ ስፐርም ኢክሲ ማድረግ እዚህ አይመከርም።

ኢክሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ከብራስልስ ከተሰማ ወዲህ ጥቂት ስፐርም ላላቸው ወንዶች በር ከፍቷል፤ በእኛም አገር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ነገር ግን ኢክሲ መርጦ የሚያስገባው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ክሮሞሶም አያይም። በዚህ ዘዴ በተወለዱ ልጆች ላይ አዲስ የሚፈጠር የጾታ ክሮሞሶም ስህተት ከተራው ጥቂት ከፍ ብሎ የተገኘውም በአብዛኛው ከዘዴው ይልቅ ከአባቶቹ ስፐርም ጋር ይያያዛል። በትራንስሎኬሽን ላይ ፅንሱ 5 ወይም 6 ቀን ሲሞላው ጥቂት ሕዋስ ተወስዶ ከመተከሉ በፊት ሊመረመር ይችላል። እርግዝናው በራሱ ከመጣ ደግሞ ከ10 እስከ 13ኛው ሳምንት ከእንግዴ ልጁ፣ ወይም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከእንሽርት ውኃው ናሙና መውሰድ ይቻላል።

ክሮሞሶምን የሚያስተካክል ክኒን የለም። ፎሊክ አሲድና ዚንክ ወንዱን ይጠቅማሉ የሚለው ተስፋ በአሜሪካ 2370 ጥንዶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ተፈትኗል፤ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድና 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ለ6 ወር የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልተሻሉም። በየሱቁ «ስፐርም ያበዛል» ተብሎ ለሚሸጥ ዕሽግ ብር ከማውጣት ደሙን ማስመርመር ይሻላል። ሲጋራ ማቆም ግን በሁሉም በኩል ይጠቅማል። በቤንዚን ትነት ውስጥ የሚሠሩም መከላከያቸውን ያጥብቁ፤ ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው ቤንዞል የሚባል ኬሚካል በስፐርም ክሮሞሶም ላይ ጉዳት ማድረሱ በሠራተኞች ላይ ታይቷል።

ኬሞቴራፒ የሚጀምር ወጣት ካለ፣ ስፐርሙ መቀመጥ ያለበት ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው። ሕክምናው ሲጀመር በሚዮሲስ መሀል የነበሩት ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም የተሳሳቱ ስፐርሞች ድርሻ እስከ 2 ዓመት ከፍ ብሎ የቆየባቸው አሉ። ቢያንስ 12 ወር ሳያልፍ ማስረገዝ አይመከርም።

በደሙ ላይ ትራንስሎኬሽን የተገኘበት ወንድ ውጤቱን ለራሱ ብቻ ይዞ ባይቀመጥ ጥሩ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ተሸካሚ ከሆነ ወንድምና እህቶቹ እያንዳንዳቸው ከሁለት አንድ ገደማ በሆነ ዕድል ይህንኑ ሊወርሱ ይችላሉ፤ በእህቶቹ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በእርግዝና ላይ ይበረታል። መጀመሪያ የእናትና የአባት ደም ይታይ፤ ሁለቱም ነፃ ከሆኑ ለውጡ በእሱ የጀመረ ስለሆነ ወንድምና እህቶቹ በአብዛኛው መመርመር አያስፈልጋቸውም። ሲነግራቸውም የካርዮታይፑን ወረቀት ኮፒ አብሮ ይስጣቸው፤ በላዩ ላይ የተጻፉት የክሮሞሶም ቁጥሮችና የተቆረጡባቸው ቦታዎች ለሚቀጥለው ላብራቶሪ ምን መፈለግ እንዳለበት በትክክል ያመለክታሉ።